አክተር አይሞትም ያለው ሙሉሰው

ሙሉሰው እንግሊዝኛ አይችልም። ይኼን ለሐሜት የማወራው እንዳይመስላችሁ፤ እሱም አይደብቀው፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥም የማያውቅ የለም። ግን ይኸው ስንት ዘመኑ፣ በጌቾ ቪዲዮ ቤት ማይክ ጨብጦ የፈረንጁን ፊልም ባማርኛ የሚያናግረው እሱ ነው። «እንዴት አድርጎ?» የሚለኝ እንግዳ አይጠፋም። «ገብተህ ስማውና ፍረድ» እለዋለሁ። የሰዎቹን ከንፈርና ዓይን እያየ የሚሉትን ከራሱ ያመነጭላቸዋል። ባል ሚስቱን ሲቆጣ፣ እናት ልጇን ስትለምን፣ ሌባ ሲምል፣ ቋንቋው ቢለያይም ነገሩ ያው ነው ባይ ነው። እስካሁን «ተሳሳትክ» ያለውን ሰው አልሰማሁም።

እኔ ብዙዬ እባላለሁ። ከቪዲዮ ቤቱ በር ጎን ሻይና ቆሎ እሸጣለሁ። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ውስጥ የሚባለው ሁሉ ይሰማኛል። ከፍዬ ገብቼ አላውቅም፤ ግን በዚህ ከተማ ከእኔ የበለጠ ፊልም የሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። በዓይኔ ያየሁት አንድ ብቻ ነው። እሱንም ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

ሙሉሰው የተወለደው ከደብረ ወርቅ ወጣ ብሎ ነው። አባቱ የደብር አገልጋይ ነበሩና ልጃቸው ከእሳቸው እንዲልቅ ተመኝተው ቅኔ ቤት ሰደዱት። ለምን ተውከው ሲባል ለየሰዉ የተለየ ምክንያት ይነግራል፤ ለእኔ የነገረኝ ይኼን ነው። አንድ ቀን ጓደኞቹን ሰብስቦ መምህሩ እንዴት እንደሚያስሉ፣ እንዴት እንደሚቆጡ እያስመሰለ ሲያሳያቸው፣ መምህሩ ለካ ከኋላው ቆመዋል። እስኪጨርስ ጠብቀው ሳቁ አሉ። በማግስቱ ጠርተው «ልጄ፣ አንተ የሰው ድምፅ ትቀዳለህ፤ የራስህ ድምፅ የቱ እንደሆነ ግን አላወቅሁልህም» ብለው መርቀው ሸኙት። ቢረግሙት ይሻለው እንደነበር ይናገራል።

ከዚያ ማርቆስ መጣ። ሸክም ሞከረ፣ አልሆነለትም፤ ትከሻው ቀጭን ነው። መናኸሪያ ገብቶ «ሉማሜ! የሞላ ሉማሜ!» እያለ ተሳፋሪ ይጠራ ጀመር። እዚያ የሹፌሩን፣ የትራፊኩን፣ የለማኙን ድምፅ እያወጣ መናኸሪያውን በሳቅ ሲያፈርስ ጌቾ ሰማው። ጌቾ ለገንዘብ ሲሆን ጆሮው ጥንቸል ነው። ያን ጊዜ ቪዲዮ ቤቱን ገና መክፈቱ ነበር፤ ማይክ ሰጠውና ከስክሪኑ ጎን በርጩማ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በርጩማ እስከ ዛሬ አልተነሳም።

ሙሉሰው አንድ የሥራ ደንብ አለው። በፈረንጅ ስም አይተርክም። «ጆን ሞተ ብላቸው ማን ያዝናል?» ይላል። ስለዚህ ለፊልሙ ሰዎች የሰፈራችንን ሰው ስም ያድላቸዋል። ስም ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት? ድምፁንም ጭምር ነው የሚሰጣቸው። ስማቸው ፊልም የገባላቸው ልጆች ደስታቸው አይጣል ነው፤ ሻይ የሚጋብዙት፣ «እኔንስ መቼ ታስገባኛለህ?» ብለው የሚለምኑት ብዙ ናቸው። እኔንም አንዴ ባንክ የምትዘርፍ ሴት አድርጎኝ ነበር። ስንቱ ጎረምሳ «እትዬ ብዙዬ፣ ገንዘቡን ቆሎው ሥር ነው እንዴ የደበቅሽው?» እያለ ሲስቅብኝ ከረመ። ተሳድቤ ሳበቃ እኔም ሳቅሁ።

ከሁሉም የቅርብ ጓደኛው የባጃጅ ነጂው አንለይ ነበር። የእትዬ አይናዲስ አንድ ልጅ፣ ጎኑ ሰፋ ያለ፣ ሆዱን የሚወድ፣ ሲናገር ከንፈሩን እያሾለ ቃሉን የሚጎትት ልጅ። ተሳፋሪ ቶሎ በል ሲለው «ቀስ በሉ እንጂ፣ ባጃጅ ናት፣ አውሮፕላን አይደለችም!» ይላል። እናቱን በስሟ አቆላምጦ «አይንዬ» ነው የሚላት። ምሳ ሰዓት ሲያልፍበት በእኔ በር እየከነፈ «እትዬ ብዙዬ፣ አይንዬን ካየሻት ምሳዬን ደብቂልኝ ብሏል በያት» ብሎኝ ያልፍ ነበር። ቤታቸው ቅርብ ነው፤ ራሱ ሄዶ መንገር ይችል ነበር። ዝም ብሎ መጥራቱ ደስ ስለሚለው ነው።

አሁን ፊልሙን ልንገራችሁ። ክፍል አንድ የመጣው ከተማው ሰላም ሳለ ነው። ታሪኩ የአንድ ፀጉር ቆራጭ ነው። ደንበኛውን ያስቀምጣል፣ አረፋ ይቀባል፣ ከዚያ አንገቱን በምላጭ። ሙሉሰው «ጋሽ ምላጩ» አለው። ደሙ እንደ ተበላሸ ቧንቧ ጣሪያ ድረስ ይረጫል፤ የተቆረጠ እጅ ለብቻው እየተራመደ ሂሳብ ሊከፍል ይሄዳል። እንዲህ ያለ ነው፤ ሊያስፈራ ይነሳና ያስቃል። እኔ በግድግዳው ስሰማ ደም አይቶ መሳቅ ምን ዓይነት ልክፍት ነው ብዬ አማትብ ነበር። ውስጥ ግን ጎረምሳው ወንበር እየደበደበ ይንፈራፈር ነበር።

በዚያ ፊልም ውስጥ ባለ ሦስት እግር መኪና የሚነዳ አይስክሬም ሻጭ አለ። ወፍራም፣ ሁልጊዜ የሚበላ፣ ሁልጊዜ የሚሮጥ። ሙሉሰው ባየው ቅጽበት «ይኼማ አንለይ ነው!» አለና ድምፁን ሰጠው። አዳራሹ ፈረሰ። አንለይ ራሱ ከፊት አግዳሚ ተነስቶ እጅ ነሳ። ጋሽ ምላጩ ያንን ልጅ ስንት ጊዜ አባረረው፣ አንድ ጆሮውን ብቻ ቆርጦ አስመለጠው። ፊልሙ ሲያልቅ በሕይወት የተረፈው እሱ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ የአንለይ ስም ከተማው ሁሉ ዘንድ «ጆሮ ቆራጣው» ሆነ። ባጃጁ ላይ በትልቁ አስጻፈው።

ቪዲዮ ቤት የማታውቁ ካላችሁ፣ እዚያ «አክተር» ማለት ልጆቹ ልባቸውን የሰጡት ዋናው ሰው ነው። አክተር ደግሞ አይሞትም። ጥይት ይስተዋል፣ ገደል ቢጥሉት ቅርንጫፍ ይይዛል፣ እሳት ውስጥ ቢገባ ጢሱን እየጠረገ ይወጣል። ይኼ ሁላቸውም በሕፃንነታቸው እዚያ አግዳሚ ላይ የተማሩት ነው፤ ከዳዊት ቀድመው ነው የያዙት። ሙሉሰው ደግሞ ሃይማኖት አድርጎታል። አክተሩ ሲከበብ ማይኩን አፉ ላይ ለጥፎ «አይዟችሁ! አክተር አይሞትም!» ሲል ቤቱ በአንድ ድምፅ ይቀበለዋል።

እውነተኛው አንለይ ግን ሞተ።

ያን ቀን እኔ ይጁቤ ገበያ ሄጄ ነበር። ጠዋት ደህና የነበረችው ከተማ እኩለ ቀን ላይ ተኩስ ጀመራት። ማን ከማን እንደሚታኮስ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ፤ ያቺ ጥይት የማን እንደሆነች የሚያውቅ ግን እግዜር ብቻ ነው። ሆድ ይፍጀው። ሰፈሩ በሩን ዘጋ። አንለይ የታመመች ሴት ሐኪም ቤት አድርሶ ባዶውን ሲመለስ ነበር አሉ። ባጃጅ ስትነዳ ከሞተሯ ሌላ ምን ይሰማል? መታጠፊያው ጋ ጥይት እንደሚወርድ በየበሩ ስንጥቅ፣ በየመስኮቱ ቀዳዳ የሚያይ ሰው ሞልቶ ነበር። እሱ ግን አላየም። አንድ በር አልተከፈተም። አንድ ሰው «ተመለስ!» አላለውም። እኔም ብኖር እከፍት ነበር ብዬ አልዋሽም፤ ሰው ልጅ አለው፣ ነፍስ አለው። ግን እዚያ የነበሩት ሁሉ አይተዋል፤ ሲያወሩት ዓይናቸው መሬት መሬት ስለሚያይ ነው ያወቅሁት።

ልቅሶውም ልቅሶ አልሆነም። ድንኳን ማን ይትከል? ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ በአጥር ጥግ ጥግ ይመጣል፣ «እግዜር ያጥናዎት» ይላል፣ ጆሮው ግን ውጭ ነው። ጎጃም ውስጥ ለሽማግሌ እንኳ ስሙ እየተጠራ፣ ደረት እየተመታ፣ አስለቃሿ ግጥም እየደረደረች ነው የሚሸኘው። ለዚያ ለለጋ ልጅ ስሙን ጠርቶ የጮኸለት የለም። ቀባሪዎቹም በለሆሳስ ነበር የሚያወሩት። እትዬ አይናዲስ ሊጮሁ አፋቸውን ሲከፍቱ አንዷ በነጠላዋ አፈነቻቸው አሉ። ለደግ ብላ ነው፣ አልፈርድባትም። ግን ያ ጩኸት ውስጣቸው ቀረ።

ሙሉሰው ከዚያ ወዲህ የአንለይን ድምፅ አውጥቶ አያውቅም ነበር። ቪዲዮ ቤቱም ተዘግቶ ከረመ። ሲከፈት ደግሞ እንደ ጉድ ሰው ይጎርፍበት ጀመር፤ ኔትወርክ የለ፣ ስልክ ምኑን ያሳያል? ጎረምሳ ሁሉ ሥራ ፈት ሆኖ ቀኑን የሚገፋው እዚያ ነበር። በዚህ መሀል ነው ጌቾ ከአዲስ አበባ በመጣ ሰው በኩል ክፍል ሁለትን በፍላሽ ያገኘው።

ወዲያው ስፒከሩን በሩ ላይ ሰቀለና ለፈፈ። «ጋሽ ምላጩ ክፍል ሁለት! ዛሬ ስምንት ሰዓት! ጆሮ ቆራጣው አንለይም አለበት!»

ሙሉሰው ሲሰማ ከእኔ አግዳሚ ላይ ሻዩን ጥሎ ተነሳ። «አንተ ሰው፣ ያምሃል?» አለው። «የሞተ ሰው ስም ነው የምትለፍፈው!»

«እኔ የፊልሙን ነው የምለው» አለ ጌቾ።

«ለፊልሙ ልጅ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ዛሬ ሌላ ስም እሰጠዋለሁ።»

«ሌላ ስም ብትሰጠው ማን ይገባልሃል? ልጆቹ የሚመጡት ለአንለይ ነው። በዚያ ላይ» አለ ጌቾ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ «ማስታወሻ ይሆነዋል።»

«የት አባህ!» አልኩት እኔ ከተቀመጥኩበት። «እናቱ እዚያ ቤት ያሉት እየሰሙህ ነው! የሬሳ ላይ ነጋዴ!» ጌቾ ሳቀ። የእኔን ስድብ እንደ ሰላምታ ነው የሚቆጥረው።

ይኼን ብዬ ሳልጨርስ እትዬ አይናዲስ ከቤታቸው ወጡ። ከልጃቸው ሞት ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን ሌላ የትም አይሄዱም፤ ከል እንደለበሱ ናቸው። በቀጥታ ወደ እኛ መጡ። ሊራገሙ ነው ብዬ ተነሳሁ። ሙሉሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እሳቸው ግን በለሆሳስ «የልጄን ድምፅ የሚያወጣው የትኛው ነው?» አሉ።

ሙሉሰውን ያውቁታል፤ ስንት ቀን ከልጃቸው ጋር እቤታቸው በልቷል። የልጃቸውን ድምፅ የሚያወጣው እሱ መሆኑን ነበር የማያውቁት። እሱም ዞሮ «እኔ ነኝ እማማ» አላቸው።

«አንለይ ይነግረኝ ነበር። ከእኔ በላይ እኔን ይመስላል ይለኝ ነበር።» ነጠላቸውን ጠቀለሉ። «ስልኩ ከእሱ ጋር ጠፋ። ያለኝ የመታወቂያ ፎቶ ነው፤ ፎቶ ደግሞ አይናገር። ድምፁ እየጠፋብኝ ነው ልጄ። ሌሊት ሌሊት አስታውሳለሁ እላለሁ፣ የሌላ ሰው ይሆንብኛል። አንድ ጊዜ ብቻ አሰማኝ።»

«እዚሁ አሰማዎታለሁ እማማ፣ እቤትዎ መጥቼ...»

«እንዲያማ አልፈልግም። አንተን እያየሁ ያንተው ነው የሚመስለኝ። ሲስቅ፣ ሲሠራ፣ ሰው መሀል ሆኖ ልስማው። እዚያ ውስጥ በሕይወት አለ አይደል?»

ሙሉሰው አየኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሉት ነገር ነው። ግን የእናት ልብ ነው፤ በምን አፍ ይቅርብዎ ይባላል?

«ሰው የሚገደልበት ፊልም ነው እማማ» አላቸው።

«የእኔስ ልጅ? ይገደላል?»

እዚህ ላይ ነው ያቺን ቃል የተናገረው። ፊልሙን አላየውም። አስቀድሞ አይቶም አያውቅ፤ «ቀድሜ ካየሁት ይቀዘቅዝብኛል፣ ከልጆቹ ጋር እኩል ልደንግጥ» ነው የሚለው። ግን ክፍል አንድ ላይ ያመለጠ ሰው፣ ያን ሁሉ ሕዝብ ያስከተለ ሰው፣ ክፍል ሁለት ላይ ይሞታል ብሎ ያሰበ እዚያ ቦታ አንድም አልነበረም። በልበ ሙሉነት ነው የነገራቸው።

«አይዞዎት እማማ። አንለይ አክተር ነው። አክተር አይሞትም።»

ስምንት ሰዓት ላይ እጃቸውን ይዤ ገባሁ። በርጩማውን፣ ጨለማውን፣ የካልሲውን ሽታ፣ ጣሪያ ድረስ የታጨቀውን ጎረምሳ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከል የለበሱ እናት ሲገቡ ልጆቹ ዞረው አዩ። የበሩ አጠገብ ያለውን የመጨረሻውን አግዳሚ ለቀቁልን። አንዱ ኮፍያውን አወለቀ። እንግዲህ እነዚህ ልጆች የዚያው ሰፈር ናቸው፤ ያን ቀን በየበሩ ስንጥቅ ሲያዩ ከነበሩት ብዙዎቹ እነሱ ናቸው።

ፊልሙ ጀመረ። ገና ከመነሻው ያ ባለ ሦስት እግር መኪና ደወሉን እየደወለ መጣ። ወፍራሙ ልጅ በተቆረጠው ጆሮው ፋንታ የፕላስቲክ ጆሮ ለጥፏል። ሙሉሰው ማይኩን ይዞ ዝም አለ። ልጁ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ድምፅ የለም። ጌቾ ከኋላ «በል እንጂ!» አለ። ሙሉሰው ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ቀስ በሉ እንጂ፣ ባጃጅ ናት፣ አውሮፕላን አይደለችም!»

በስመ አብ! እኔ ራሴ ዘለልኩ። አንለይ ነው። ቃሉን ሲጎትት፣ ከንፈሩን ሲያሾል፣ ራሱ ነው። ከፊት አንዱ አጨበጨበ፣ ሌላው ተከተለ፣ ሁሉም ተነስቶ ያጨበጭብ ጀመር። እትዬ አይናዲስ እጄን ጨመቁኝ። ስክሪኑ ላይ ልጁ ስልክ አውጥቶ ማውራት ጀመረ። ማንን እንዳናገረ ፈረንጁ ይወቀው፤ ሙሉሰው ግን ወዲያው አወቀበት። «አይንዬ፣ ምሳዬን ደብቂልኝ እሺ፣ መጣሁ!»

እሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሳቁ። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው። ቀስ ብለው «ደብቄልሃለሁ» አሉ። ለስክሪኑ ነው የመለሱለት። እንባዬ መጣ፣ ልጆቹ እንዳያዩኝ በመቀነቴ ጠረግሁት። ሙሉሰውን በልቤ መረቅሁት፤ ይኼ ልጅ ከቅኔ ቤት የወጣው ለዚህ ቀን ይሆናል እስክል ድረስ።

ከዚያ መኪናዋ ወደ አንድ መታጠፊያ መሄድ ጀመረች። እኛ እናያለን፣ ልጁ አያይም፤ ከመታጠፊያው ወዲያ ጋሽ ምላጩ ነጭ ሽርጡን ለብሶ፣ ምላጩን በቆዳ ላይ እየሳለ ቆሟል። አዳራሹ ተነሳ። «አንለይ ተመለስ!» አለ አንዱ። «ተመለስ አንተ ልጅ! አንለይ! እዚያ ጋ ነው! ተመለስ!» ሁሉም፣ ያ ሁሉ ጎረምሳ፣ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ወንበር ላይ ቆመው እጃቸውን ያወናጭፋሉ፤ ቆሎ ወደ ስክሪኑ የሚወረውር አለ፣ ደረቱን የሚመታ አለ። «አንለይ! አንለይ! አንለይ!» እትዬ አይናዲስን አየኋቸው። ስክሪኑን ትተው ልጆቹን ነበር የሚያዩት።

ሙሉሰው ማይኩን ጨብጦ «አይዟችሁ! አክተር አይሞትም!» እያለ ነበር ምላጩ ያረፈው።

አንገቱን ቀንጥሶ ጣለው። ጭንቅላቱ በርሮ አይስክሬሙ በርሜል ውስጥ ጥልቅ አለ። ወዲያው ደሙ ነጩን አይስክሬም አቀላው። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ብቅ አለና ሳንቲም አስቀምጦ፣ ከዚያው በማንኪያ ዝቆ ላሰ፤ ጣዕሙ ደስ ብሎት ዓይኑን ጨፈነ። አንዱ ጎረምሳ ሳቁ አመለጠው። ሌላው ተከተለው። ከዚያማ ማን ያቁመው? ያ ቅድም አንለይ ተመለስ ሲል የነበረው ቤት ሁሉ ሆዱን ይዞ ወደቀ። ሊሳቅ እንደማይገባ እያወቁ የሚስቁት ሳቅ አለ አይደል፣ እሱ የባሰ ነው፣ አይቆምም።

ሙሉሰው እንደዚያ ሲሆን አይቼው አላውቅም። ቃል ሰጥቷላ! ጭንቅላቱ በርሜሉ ውስጥ እየተንሳፈፈ፣ በአንለይ ድምፅ «አልሞትኩም እኮ! ጆሮዬን ብቻ ነው! አይንዬ፣ አልሞትኩም!» አለ። ሊያድነው ነበር። ልጆቹ ግን ሬሳ ሲያወራ ሲሰሙ ጭራሽ አበዱ፤ መሬት ላይ የሚንከባለል ነበር። «ድገመው! ድገመው!» ይላሉ። ማይኩ ውስጥ ሲተነፍስ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ማይኩን አስቀመጠ። ፊልሙ ያለ ትርጉም ቀጠለ።

እትዬ አይናዲስን ጎትቼ አወጣሁ። አግዳሚዬ ላይ አስቀመጥኳቸው፣ ውሃ ሰጠሁ። ተመልሼ ገብቼ እያንዳንዳቸውን በጥፊ ልል ነበር። ሙሉሰው በርጩማውን ጥሎ ወጣና እግራቸው ላይ ወደቀ። «ይቅር ይበሉኝ እማማ። እኔ ነኝ ያስገደልኩት። ያስሳቅሁበትም እኔ ነኝ። ነገ ስሙን እቀይራለሁ። ሥራውንም እተወዋለሁ፣ መናኸሪያ እገባለሁ።»

ውስጥ ልጆቹ አሁንም ይስቃሉ። እሳቸው ግን «ተነስ ልጄ» አሉት። «ስሙን እንዳትቀይር።»

«እንዴት እማማ? እየሳቁበት?»

«ሳቁን ተወው። ጩኸቱን አልሰማህም?» ፊታቸው ደርቆ ነበር፣ እንባ የለበትም። «ያ ሁሉ ሰው ሆነው ተመለስ አሉት። ስሙን እየጠሩ፣ ደረታቸውን እየመቱ። ያን ቀን እኮ አንድ ሰው አልነበረም። አንድ ሰው ብቻ ቢለው ተመልሶ ምሳውን በልቶ ነበር።»

እኔ ከንዴቴ አፌን መያዝ አቃተኝ። «ምን ዋጋ አለው እትዬ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ያን ቀን በር ዘግተው ሲያዩት የነበሩት እኮ እነዚሁ ናቸው!»

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ውሻም ቢሆን ይጩህለት።»

ጌቾ ይኼን ጊዜ ነው እየሳቀ የወጣው። «ሙሌ! ጉድ ሠራህ! ሬሳውን እያናገርክ! ነገም እንዲሁ፣ ምንም እንዳትቀንስ!» አለው። ሙሉሰው ዞሮ እንኳ አላየውም። እትዬ አይናዲስን ነበር የሚያየው። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁለት፤ «እንዲሁ አድርግ» ማለታቸው ነው።

ይኸው እስከ ዛሬ ያ ፊልም አልወረደም። ወሬው ሄዶ ከሉማሜ፣ ከይጁቤ ሚኒባስ ተሳፍሮ የሚመጣ አለ፤ «ሬሳው የሚያወራበት» ነው የሚሉት። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል እትዬ አይናዲስ ከቤታቸው ወጥተው እኔ ጋ ይቀመጣሉ። ውስጥ አይገቡም። ሻይ ሳቀርብላቸው አይጠጡም። በግድግዳው በኩል ልጃቸው ምሳ ሲያስደብቅ ይሰማሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ያ ጩኸት ይነሳል፣ «አንለይ ተመለስ! አንለይ!» እሳቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ልቅሶ ላይ እንደሚቀመጥ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጡታል። ጩኸቱ ጣሪያውን ሲነካ ይነሳሉ። ሳቁ ሳይጀመር ቤታቸው ገብተዋል።

ሙሉሰው ከስቷል። መናኸሪያ መግባቱንም ቀልዱንም ተወ፤ አግዳሚዬ ላይ ሲቀመጥ ዝም ብሎ ቆሎውን ይቆጥራል። ትናንት «አክተሩ እንዴት ዋለ?» ብዬ ልቀልድለት ሞከርኩ። አየኝና «እትዬ ብዙዬ፣ እነሱ ተመለስ ይሉታል። በየቀኑ ወደዚያ መታጠፊያ የምነዳው ግን እኔ ነኝ» አለኝ።

ከዚያ ጌቾ ጠራው። ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ገባ፤ ስምንት ሰዓት ሊሆን ነበር፣ እትዬ አይናዲስም በራቸውን ከፍተው ወደ እኔ እየመጡ ነበር።